ከዓባይ ግርጌ እስከ መርጃኑ አገር

በዚህ ወር የጉዞ አምዳችን ይዘናችሁ የምንሄደው ወደ ምዕራብ ነው፤ ወደ አሶሳና ወደ ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ። ከአዲስ አበባ ስንነሳ ሐሳባችን ግድቡን አይተን፣ ስለ ግድቡ ጽፈን መመለስ ነበር። ይሁንና አሶሳ ላይ አንዲት ልጅ የጠየቀችን ጥያቄ መንገዳችንን አስረዘመብን። እግራችን ከጉባ በረሃ ሳያልፍ ሐሳባችን የሜዲትራኒያን ባሕር ወለል ድረስ ወረደ። እስቲ አብራችሁን ተጓዙ።

የልጅቱ ጥያቄ

አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቅ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ ናት። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የክልሉ ነባር ብሔረሰቦች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ በሸጎሌ ሰፈር የምታልፉ አንባብያን ሁሉ ሳታውቁት አሶሳን ስትጠሩ ኖራችኋል፤ የሰፈሩ ስም የመጣው ከአሶሳው ገዢ ከሼኽ ኾጀሌ አል-ሐሰን ነውና። ወደ ከተማዋ ሲቃረቡ የቀርከሃው ጫካ ይቀበላችኋል፤ ከገቡ በኋላ ደግሞ የማንጎው ጥላ። ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር ቀርቦልን በላን፤ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ኡስታዝ ልጆች ወደሚያስቀሩበት መድረሳ ጎራ አልን።

ከማንጎው ዛፍ ስር ምንጣፍ ተነጥፎ ልጆቹ ሱረቱ ረሕማንን በየተራ ይቀራሉ። ዕድሜዋ ዐሥር ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንዲት ልጅ ተራዋ ደርሶ ሉልና መርጃን የተጠቀሱበት አንቀጽ ላይ ስትደርስ ቆም አለችና፣

«ኡስታዝ፣ መርጃን ምንድን ነው? እኛ አገርስ አለ?» አለች።

ኡስታዙ ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ከፊሎቹ ሙፈሲሮች ትናንሽ ሉል ነው ብለዋል፤ ከፊሎቹ ደግሞ ቀዩ ኮራል ነው ብለዋል። ሁለቱም ከባሕር ነው የሚወጡት። እኛ ዘንድ ደግሞ ባሕር የለም» አሏት። ቀጥለውም ወደ እኛ ዞረው፣ «እናንተ የምትጽፉ ሰዎች ናችሁ፤ የቀረውን እናንተ መልሱላት» አሉን።

አፈርን። እናቶቻችን በአንገታቸው ያሰሩትን ቀይ ጨሌ እናውቃለን እንጂ መርጃን የት እንደሚበቅል፣ ምን በልቶ እንደሚያድግ አናውቅም ነበር። «ከግድቡ ስንመለስ እንነግርሻለን» ብለን ቃል ገብተን ወጣን። ቃል ደግሞ ዕዳ ነው።

ጉባ ላይ

ከአሶሳ ወደ ሰሜን መንገዱ እየወረደ ይሄዳል። ደጋው እያነሰ፣ ሙቀቱ እየጨመረ፣ ዛፉ እየሳሳ ይመጣል። በበጋ ጉባ ላይ ሙቀቱ እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል። በዚህ ትኩሳት መካከል ነው ድንገት ያ ሁሉ ውሃ ከፊታችን የተዘረጋው።

የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጣለ። የመጀመሪያው ሙሌት በ2012 ዓ.ም. ክረምት ተከናወነ፤ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ግድቡ ተመረቀ። ዋናው ግድብ 145 ሜትር ከፍታና 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ውሃው በጎን በኩል እንዳያመልጥ የተሠራው የኮርቻ ግድብ 5 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከኋላው የተኛው ንጋት ሐይቅ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ ስፋቱ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ወደ ላይ 246 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። ከደመወዙ ቆርጦ ቦንድ የገዛ አባወራ፣ ከመቀነቷ ፈትታ የሰጠች እናት እዚህ ቆመው ቢያዩት ምን እንደሚሰማቸው መገመት አያቅትም። አልሐምዱሊላህ አልን።

የሐጂው ጥያቄ

ከሐይቁ ዳር ጀልባዎች ታስረዋል። ወጣቶች ቆሮሶና አምባዛ እያወጡ ለነጋዴ ያስረክባሉ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ መረብ ሲጠግኑ አገኘናቸውና ሰላም ብለን አጠገባቸው ተቀመጥን። ሁሉም «ሐጂ» ይላቸዋል፤ እኛም እንዲሁ አልናቸው።

«ሐጂ፣ ትውልድዎ እዚሁ ነው?» 

በእጃቸው ወደ ውሃው መካከል አመለከቱን። «እዚያ ነው። እርሻዬም እዚያው ታች ነው። እናቴ ውሃ የምትቀዳበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር፤ እሱም እዚያው ነው።»

ሐይቁ ከመሞላቱ በፊት በዓባይ ዳርና በገባር ወንዞቹ አካባቢ ይኖሩ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ሌላ ሥፍራ ሰፍረዋል። ሐጂው ከእነርሱ አንዱ ናቸው። ምሬት አላየንባቸውም፤ ግን አልሸሸጉንም። «መብራቱ የሁሉም ነው፤ ደስ ይለኛል። የሰመጠው ማሳ ግን የእኔ ነበር። ይህንን ስትጽፉ ይህንንም ጻፉ» አሉን። እነሆ ጽፈናል።

ቀጥለው እሳቸውም እንደ ልጅቱ ጠየቁን። «ክረምት ሲገባ ዓባይ ቀይ ሆኖ ነው የሚመጣው። ድሮ እያየነው ያልፋል፤ አሁን እዚህ ይቆማል። እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ያ ሁሉ ጭቃ ወዴት ይሄዳል?»

በሁለት ቀን ሁለት ጥያቄ ተሸከምን፤ አንዱ ስለ መርጃን፣ አንዱ ስለ ጭቃ። መልሳቸው አንድ ቦታ ላይ እንደሚገናኝ ያወቅነው ቆይተን፣ ከተመለስን በኋላ መጻሕፍት ስናገላብጥና አዋቂዎችን ስንጠይቅ ነው።

ጭቃው ወዴት ይሄድ ነበር?

ዓባይ ከኢትዮጵያ ደጋ ጠርጎ የሚያወርደውን አፈር ተመራማሪዎች በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ይገምቱታል። ናይል ከሚሸከመው ደለል አብዛኛው ከእኛ ደጋ የሚነሳ ነው። ይህ አፈር በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት የግብፅን ማሳ ሲያለብስ ኖረ፤ የተረፈው ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ገብቶ ከደልታው ፊት ለፊት በጥልቁ ወለል ላይ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ተከመረ። ዛሬ የጂኦሎጂ ሊቃውንት ያንን ጭቃ በቱቦ መዝዘው አውጥተው ሲመረምሩ የኢትዮጵያን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ምልክት ያገኙበታል። የጎጃምና የወሎ ማሳ ከባሕር ስር ተቀምጧል ማለት ነው።

በ20ኛው ምዕተ ዓመት ግድቦች በመንገዱ ላይ ተደረደሩ። ሱዳን ውስጥ ሰናር እ.ኤ.አ. በ1925፣ ሮዛይረስ በ1966 ተሠሩ። ሮዛይረስ በአርባ ዓመት ገደማ ውስጥ ከመያዝ አቅሙ ሲሶ ያህሉን ደለል ወሰደበት። ግብፅ ውስጥ ደግሞ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲጠናቀቅ ወደ ባሕሩ ይደርስ የነበረው ጭቃ ከሞላ ጎደል ቆመ። ያን ጊዜ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። የክረምቱ ጎርፍ ይዞት የሚሄደው ምግብ ለባሕሩ ረቂቅ ዕፅዋት፣ እነርሱም ለሰርዲን ዓሣ ቀለብ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ 18 ሺህ ቶን ይጠጋ የነበረው የግብፅ የሰርዲን ምርት በዐሥርት ዓመቱ መጨረሻ ከ1 ሺህ ቶን በታች ወረደ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ዓሣው መልሶ አገገመ፤ ለዚህም ከምክንያቶቹ አንዱ ከከተሞችና ከማሳዎች ወደ ባሕሩ የሚፈስሰው ፍሳሽና የማዳበሪያ እጣቢ ነው ይባላል። የላይኛው ውሃ ሲለወጥ የታችኛው ማዕድ እንደሚለወጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

እንግዲህ ሐጂ፣ ለጥያቄዎ መልሱ ይህ ነው፤ ጭቃው ድሮ እስከ ባሕር ይሄድ ነበር። አሁን አብዛኛው የሚቀረው ከእርሻዎ ላይ ነው።

ብርሃን በማይደርስበት

አሁን ወደ ልጅቱ ጥያቄ እንመለስ። ኮራል ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን የቀይ ባሕሩ ነው፤ ሞቃት፣ ጥልቀት የሌለው፣ ፀሐይ የሚያበራው ውሃ። በእርግጥ የሞተ ኮራልማ እኛም አገር አለ። የቀይ ባሕር ውሃ ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ወደ ዳናክል ረባዳ ገብቶ ነበርና ያን ጊዜ የበቀለው ኮራል ዛሬ አፋር ውስጥ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ይታያል።

ፀሐይን ጨርሶ የማያውቅ ኮራልም እንዳለ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? የቀዝቃዛ ውሃ ኮራል ይሉታል። በብዛት የሚገኘው ከ200 እስከ 1,000 ሜትር ጥልቀት ውስጥ፣ ሙቀቱ ከ4 እስከ 13 ዲግሪ በሆነ ውሃ ነው። ዛፍ ይመስላል እንጂ ዛፍ አይደለም፤ እንስሳ ነው። በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ አፉን ወደ ውሃው የከፈተ፣ በጣቶቹ የሚያጠምድ ትንሽ ፍጡር ተቀምጧል። የሞቃት ውሃ ኮራል ፀሐይን የሚጠቀሙ ረቂቅ ዕፅዋት በገላው ውስጥ ስላሉ እነርሱ ይመግቡታል። የጥልቁ ኮራል ግን እነርሱ የሉትም። የሚኖረው ከላይ በሚወርድለት ፍርፋሪና ሞገዱ በሚያመጣለት ጥቃቅን እንስሳ ነው። በጌጥነት የሚታወቀው የሜዲትራኒያን ቀይ ኮራልም ያለ እነዚህ ዕፅዋት በጨለማ ዋሻና በጥልቅ ገደል የሚያድግ ነው።

ይህ ፍጡር ማንኛውም የባሕር ወለል አይስማማውም። ለስላሳ ጭቃ ላይ አይተከልም፤ ድንጋይ ወይም የሞተ ቅርፊት ይፈልጋል። ውሃው የማይቆም፣ ሞገድ ያለበት መሆን አለበት፤ ሞገዱ ምግብ ያመጣለታል፣ ጭቃውንም ያራግፍለታል። ስለዚህ በባሕር ስር ባሉ ተራሮች ጫፍ፣ በገደሎች አፋፍና በሸለቆዎች ግድግዳ ላይ ይበዛል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኦክስጅን ያለበት ውሃ ይሻል።

እድገቱ አዝጋሚ ነው፤ በዓመት ከግማሽ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል። አንዱ ሲሞት በአጥንቱ ላይ ሌላው ይተከላል፤ በመካከሉ ሞገዱ ያመጣው ደለል ይሞላዋል። ኖርዌይ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2002 የተገኘው የሮስት ኮራል ርዝመቱ ከ35 ኪሎ ሜትር አያንስም። ከአየርላንድ ደቡብ ምዕራብ ባለው ባሕር ወለል ላይ ደግሞ ቻሌንጀር የሚባል ጉብታ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ሳይንቲስቶች ሰርስረው ሲመረምሩት 155 ሜትር ያህል ከፍታ እንዳለውና መሠረቱ ከ2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደተጣለ አወቁ። ሱብሐነላህ! በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሌት ተቀን ለፍተው ያቆሙት ግድባችን 145 ሜትር ነው። እነዚያ ዓይን የሌላቸው ፍጡራን በጨለማ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ቁልል ሠሩ። በቅርንጫፎቹ መካከል ዓሣ ይጠለላል፣ ሸርጣን ይደበቃል፣ ስፖንጅ ይበቅላል።

ዓባይ ባሕሩን ሲያፍነው

የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ከጣሊያን ደቡባዊ ጫፍ፣ ሳንታ ማሪያ ዲ ሊውካ ከተባለው ሥፍራ ፊት ለፊት በአዮኒያን ባሕር ጥልቀት ውስጥ የቀዝቃዛ ውሃ ኮራል አለ። ተመራማሪዎች በዚያ አካባቢ የኮራሉን አጥንት ዕድሜ ሲለኩ አንድ ክፍተት አገኙ፤ ከ11 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ እስከ 6 ሺህ ዓመት ገደማ ድረስ ኮራል አልበቀለም። ከዚያ በፊት ነበረ፤ ከዚያ በኋላም ተመልሶ መጣ።

በመካከሉ ምን ሆነ? በዚያ ዘመን በአፍሪካ ዝናቡ እጅግ በዝቶ ነበር። ሰሐራ ሣር ያበቅል ነበር፤ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ክረምቱ ከዛሬው ይከብድ ነበር። ዓባይ ሞልቶ፣ ናይል ሞልቶ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ገባ። ጣፋጭ ውሃ ከጨው ውሃ ስለሚቀል እንደ ክዳን ከላይ ተዘረጋ። በክረምት እየቀዘቀዘ ወደ ታች ወርዶ ጥልቁን ያናፍስ የነበረው የላይኛው ውሃ ክብደቱ ቀንሶ መውረድ አቃተው። የምሥራቁ ባሕር ጥልቅ ውሃ ታፈነ፤ ኦክስጅን አለቀ። ከላይ የወረደው የሞተ ነገር ሳይብላላ ቀርቶ በወለሉ ላይ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ተጋደመ። ያ ጥቁር መስመር ዛሬም አለ፤ የኮራሉም ክፍተት ከእርሱ ዘመን ጋር ይገጥማል።

በደጋችን ላይ የወረደ ዝናብ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ሰው ዓይቶት በማያውቅ ጨለማ ውስጥ የነበረን ሕይወት ለሺህ ዓመታት አቋረጠ ማለት ነው። ብቻውን አይደለም፤ የባሕሩ መጠን መጨመርና የሌሎች ወንዞች ውሃም አግዞታል። ግን የዓባይ እጅ አለበት። የሰው ጥፋት አልነበረም፤ የሰማይ ሥራ ነበር።

ይህ ነገር በትንሹ በማንኛውም ሞቃት አገር ሐይቅ ውስጥ ይታያል። የሞቀው ውሃ ቀሎ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ቀዝቃዛው ከብዶ ከታች ይቀመጣል። ሁለቱ ሳይቀላቀሉ ሲቆዩ፣ በተለይም ከስር የሚበሰብስ ዛፍና ቅጠል ካለ፣ የታችኛው ኦክስጅን ያልቃል። ንጋት ሐይቅ ከመሞላቱ በፊት ደኑ እንዲመነጠር የተደረገው አንድም ለዚህ ነው። ሐይቅ ከተፈጠረ በኋላ ደግሞ ወደ ታች ወርዶ የሚጋደመውን የሚወስነው ከላይ ያለው ሰው ነው።

የዛሬው አደጋ

የጥልቁን ኮራል ዛሬ የሚያስጨንቀው የእኛ ጎርፍ አይደለም። ከባድ የዓሣ መረብ በወለሉ ላይ እየተጎተተ የሺህ ዓመት ቅርንጫፍ በአንድ ቀን ይሰባብራል። ኖርዌይ ውስጥ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ኮራል ተጎድቷል ተብሎ ከተገመተ በኋላ አገሪቱ ከ1999 ጀምሮ ሥፍራዎቹን በሕግ መከለል ጀመረች። በሜዲትራኒያን እ.ኤ.አ. በ2005 ከ1,000 ሜትር በታች መረብ መጎተት ተከለከለ። በ2006 ደግሞ ሦስት የጥልቅ ባሕር ሥፍራዎች ተለይተው ተከለሉ። አንዱ የሊውካው ኮራል ነው፤ ሌላው ከቆጵሮስ በስተደቡብ ያለ የባሕር ስር ተራራ ነው። ሦስተኛው፣ ልብ በሉ፣ ከናይል ደልታ ፊት ለፊት ያለው ወለል ነው። እዚያ ዓባይ ለዘመናት የከመረው ደለል ውስጥ ሚቴን የሚባል ጋዝ እየመነጨ ይወጣል፤ በፀሐይ ሳይሆን በዚያ ጋዝ የሚኖሩ ረቂቅ ህዋሳት፣ ትሎችና ዛጎሎች አሉ።

መረቡን ሕግ ሊያግደው ይችላል። የባሕሩን መሞቅ ግን ማን ያግደዋል? የሊውካ ኮራል የሚኖርበት ውሃ አሁንም 14 ዲግሪ ይጠጋል፤ ይህም ለእርሱ የመጨረሻው ጠርዝ ነው። ከፋብሪካና ከመኪና የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ሲሟሟ ደግሞ የኮራሉን አጥንት ያሳሳዋል።

ቃላችንን ስንፈጽም

ቃል ገብተናልና ልጅቷ ዘንድ መልሱን ይዘን ደረስን። ከማንጎው ስር ተቀምጣ አዳመጠችን። ስንጨርስ ጥቂት አሰበችና፣

«ታዲያ አሁን እዚህ ዝናብ ከበዛ እንደገና ይሞታሉ?» አለችን።

«አይሞቱም፤ አሁን ውሃው በየግድቡ ይያዛል፣ ወደ ባሕሩ የሚደርሰውም ጥቂት ነው» አልናት።

«ጭቃውስ?»

«ጭቃው እዚህ ይቀራል፤ ከሐጂው እርሻ ላይ።»

ኡስታዙ ይህን ሲሰሙ፣ «እንግዲያው ከአሁን በኋላ የላይኞቹ ሰዎች ጥፋት የሚታየው ባሕር ስር ሳይሆን እኛው ደጃፍ ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ሐጂው ማሳቸውን የሰጡለት ሐይቅ በደለል ከሞላ መሥዋዕትነታቸው በከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ጎጃም ላይ እርከን የሚሠራ ገበሬ፣ ወለጋ ላይ ችግኝ የሚተክል ተማሪ፣ የገደል አፋፍ አርሶ አፈሩን ከመልቀቅ የሚቆጠብ አባወራ ሁሉ የሐጂውን አማና እየጠበቀ ነው። ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ስለ ግድቡ ሲጠይቋችሁ ስለ ሜጋ ዋቱ ብቻ አትንገሯቸው፤ ከውሃው ስር ስላለው ማሳም ንገሯቸው። ወጣቶች ሆይ! ፌስታሉንና የውሃ ጠርሙሱን ቦይ ውስጥ ስትጥሉ የማይታይ ቦታ ሄደ አትበሉ። የማይታየው ቦታም ነዋሪ አለው፤ ባለቤትም አለው።

ከአሶሳ ስንወጣ ልጅቷ የቀረችውን ሱራ ለመጨረስ ተመልሳ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። መርጃን የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ግን በዚህ ጊዜ አልቆመችም። አላህ ዕውቀቷን ይጨምርላት፤ የሐጂውንም ማሳ በኸይር ይተካላቸው። በሚቀጥለው ወር በሌላ ጉዞ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።